ለጨው ውሃ የሚሆን ዘንግ

ሰው የሚሠራው ሥራ ሁሉ የየራሱ መሣሪያ አለው። ገበሬ ሞፈር የሚሆነውን እንጨት ገና ከዛፉ ሳይቆርጠው በዓይኑ መርጦ ይጠብቃል፤ ሸማኔም መወርወሪያው ከእጁ ጋር ካልተስማማ ጥበቡ አያምርለትም። እንደዚሁም ሁሉ ከባሕር ዳርቻ ዓሣ ለማጥመድ የሚወጣ ሰው ዘንጉንና የክር መጠቅለያውን አስቦና መዝኖ ሊመርጥ ይገባዋል። ይህ ነገር ለብዙዎቹ አንባቢዎቻችን ከጨዋታ የማያልፍ መስሎ ይታያቸው ይሆናል፤ እኛም ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዚህ የተለየ አሳብ አልነበረንም። ነገር ግን ሦስት ጊዜ ገዝተን ሁለቱን ጊዜ ስለ ተሳሳትን፣ ሦስተኛውንም የገዛነው ለራሳችን ሳይሆን ለአባታችን ስለ ነበረ፣ ከዚህ ያገኘነውን ትምህርት ጽፈን ብናቀርበው ዓሣ ለማያጠምደውም ሰው ቢሆን አንዳች ፍሬ ሳይኖረው አይቀርም ብለን አሰብን።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን ጨርሰን በመንግሥት ሥራ ላይ ከቆየን በኋላ፣ በ2012 ዓ.ም. ከዕቃ ማስተላለፍ ጉዳይ ጋር የተያያዘ ሥራ ይዘን ወደ ጅቡቲ ተላክን። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የራሷ የባሕር በር ስለሌላት፣ ከውጭ የምታስገባው ዕቃ አብዛኛው በዚህ ወደብ በኩል እንደሚያልፍ አንባቢ ያውቀዋል። ስለዚህ ሥራው ብዙ ነው፤ ሙቀቱ ደግሞ ከሥራው ይበልጣል። በበጋው፣ ማለት እኛ ክረምት በምንለው ወራት፣ ኸምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ ሲነሣ ሰው ከጥላ ወደ ጥላ ይሸሻል እንጂ ሌላ የሚያስበው ነገር አይኖረውም። ከጥቅምት ጀምሮ ግን አየሩ ይለዝባል፤ ዓርብ ቀንም ሥራ የለም። ከደጋ አገር ለመጣ ሰው ደግሞ ባሕሩን ተቀምጦ መመልከት ብቻውን ለጥቂት ሳምንት ይበቃዋል፤ ከዚያ በኋላ እጁ ሥራ ይፈልጋል። እኛም ዓሣ ማጥመድ የጀመርነው በዚህ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው መሣሪያችን ከአገር ቤት ያመጣነው ነበር። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቆሮሶ እናጠምድበት የነበረ አጭርና ቀጭን ዘንግ ሲሆን፣ መጠቅለያውም ከመዳፍ የማትበልጥ ትንሽ ነገር ነበረች። በሐይቁ ላይ ሦስት ዓመት ያህል ያለ አንዳች ችግር አገልግላናለች። በባሕሩ ላይ ግን ሁለት ወር እንኳ አልሞላትም። በመጀመሪያ መዘውሯ ሲዞር አሸዋ እንደ ገባበት ወፍጮ ማንኰራኰር ጀመረች፤ ቀጥሎ በብሎኖቿ ዙሪያ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ታየ፤ በመጨረሻም አንድ ዓርብ ማለዳ ጨርሳ አልዞር አለች። ከፍተን ብናያት ኩሽኔታዎቿ በዝገት ተጣብቀው አገኘናቸው።

ነገሩን ያላስተዋልነው እኛ ነበርን እንጂ ዕቃዋ አልበደለችም። በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ። ይህ ጨው ብረትን ፈጥኖ ያዝጋል፤ ከዚህም በላይ እንደ አሉሚኒየምና እንደ ብረት ያሉ ሁለት ልዩ ልዩ ማዕድኖች ተነካክተው ባሉበት ስፍራ የጨው ውሃ ከገባ፣ በመካከላቸው ረቂቅ የኤሌክትሪክ ኃይል እየተላለፈ ደካማው ይበላል። በብሎኖቹ ዙሪያ ያየነው ነጭ ዱቄት የዚህ ውጤት ነው። ስለዚህ ለባሕር የሚሆን መጠቅለያ ኩሽኔታዎቹ ዝገት የሚችሉ፣ ውስጡም ውሃ እንዳያስገባ በጎማ የታሸገ፣ ጥርሶቹም በደኅና ግሪስ የተሸፈኑ መሆን አለባቸው። ይህ ሁሉ ከውጭ ሲያዩት አይታወቅም። ገዢው ቀለሙንና አንጸባራቂነቱን አይቶ ይደሰታል፤ ባሕሩ ግን ውስጡን ይፈትነዋል።

በመጀመሪያው ስሕተት ከነደድን በኋላ ሁለተኛውን ስሕተት ለመሥራት አልዘገየንም። ሰው ከእሳት ሲሸሽ ገደል አያይም። «ትንሹ ከተበላሸ ትልቁ ይሻላል» ብለን አንድ ሱቅ ገባንና ርዝመቱ 4 ሜትር የሚሆን ወፍራም ዘንግ፣ የጣሳ ያህል ከበሮ ካለው ከባድ መጠቅለያ ጋር ገዛን። ሻጩ «በዚህ ሻርክም ቢመጣ አያመልጥዎ» አለን፤ እኛም ሻርክ ምን እንደምናደርግበት ሳንጠይቅ ገንዘባችንን ቈጥረን ሰጠን። በቤታችን ለሌላ ጉዳይ የተቀመጠ ገንዘብ ስለ ነበረ እስከ ዛሬ ድረስ ስናስታውሰው ያሳፍረናል።

በማግሥቱ ያን ዘንግ በትከሻችን ተሸክመን ወደ ባሕሩ ዳር ስንወርድ፣ ዘወትር በዚያ ስፍራ ጀልባቸውን የሚያስሩ አንድ አዛውንት የአፋር ዓሣ አጥማጅ አዩንና ቆሙ። ከአገራችን ነጋዴዎችና ሹፌሮች ጋር ብዙ ዘመን ስለ ኖሩ አማርኛ በሚገባ ይናገራሉ።

«ይህ ነገር መርከብ ለማሰር ነው ወይስ ዓሣ ለመያዝ?» አሉን።

«ዓሣ ለመያዝ ነው፣ አባቴ፤» አልን።

«ዓሣው የት ነው ያለው?»

ወደ ጥልቁ፣ ሰማያዊው ውሃ ወዳለበት በጣታችን አመለከትን። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና ከቆምንበት ድንጋይ ሃያ እርምጃ ያህል የማይርቀውን፣ ውሃው ከአረንጓዴ ወደ ጥቁር የሚለወጥበትን መሥመር አሳዩን። «እዚያ የድንጋዩ ጫፍ ነው። ትንንሹ ዓሣ በድንጋዩ ላይ ይግጣል፤ ትልቁ ዓሣ በጫፉ ሥር ቆሞ ይጠብቀዋል። አንተ ያንን ሁሉ አልፈህ ባዶ ውሃ ውስጥ ትወረውራለህ» አሉን።

እርሳቸው ራሳቸው ዘንግ የላቸውም። አንድ የናይሎን ክር በእንጨት ላይ ጠምጥመው፣ ጫፉ ላይ እርሳስና መንጠቆ አስረው በእጃቸው ይሠራሉ። በዚያ ማለዳ እኛ በአራት ሜትር ዘንጋችን ክንዳችን እስኪዝል ስንወረውር ቆይተን ባዶ እጃችንን ስንመለስ፣ እርሳቸው ፈረንሳዮች ሜሩ የሚሉትን ባለ ነጥብ ዓሣ ሁለት፣ ካራንግ የሚሉትንም አንድ ይዘው ወደ ገበያ ሄዱ። «ዓሣ መብላት በብልሃት» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምረን ስንሰማው የኖርነው ስለ እሾሁ ብቻ ይመስለን ነበር፤ ከመብላቱ በፊት ማጥመዱም ብልሃት እንደሚሻ ያን ቀን ተረዳን።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ዓርብ ከሽማግሌው አጠገብ እየተቀመጥን ስንጠይቅና ስንመለከት ቆየን። የተማርነውም በአጭሩ ይህ ነው። ማንኛውም ሰው ዘንግ ከመግዛቱ በፊት ሦስት ነገር ጠይቆ መመለስ አለበት፤ ይኸውም ውሃው እንዴት ያለ ነው፣ ዓሣው እንዴት ያለ ነው፣ እጁስ እንዴት ያለ ነው የሚል ነው። ዋጋው ከእነዚህ በኋላ ይመጣል። አራት ሜትር ዘንግ የተሠራው ማዕበል በሚመታው ሰፊ አሸዋ ላይ ቆሞ ከባድ እርሳስ ወደ ሩቅ ለሚወረውር ሰው ነው። በድንጋይ ዳርና በትንሽ ጀልባ ላይ፣ ከ10 እስከ 30 ግራም የሚመዝን ማታለያ ለሚወረውር ሰው ግን ከ2 ሜትር ከ10 እስከ 2 ሜትር ከ40 የሚደርስ ዘንግ ይበቃዋል። ከዚህ የረዘመው በጀልባ ላይ ጎረቤትን ይወጋል፤ ከዚህ ያጠረው ከድንጋይ ላይ ክሩን ከኮራሉ በላይ ለማቆየት አይችልም።

ትልቁን ዘንግ ከገዛንበት ዋጋ በግማሽ ለሌላ ሰው ሸጥነው። በቀረን ገንዘብ ላይ እየጨመርን ሦስተኛውን ለመግዛት ስናስብ ሳለን ነበር የአባታችን ጉዳይ የመጣው።

አባታችን በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ መርከበኛ ነበሩ። በ1981 ዓ.ም. በሥራ ላይ ሳሉ የመርከብ ማሰሪያ ገመድ ጠቅልሎ የቀኝ እጃቸውን አውራ ጣት ቈረጠባቸው፤ በዚህም ምክንያት ከሥራ ተሰናብተው ወደ አዳማ መጡ። በተከታዩ ዓመት፣ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በጦርነት ከመንግሥቱ እጅ ወጣች፤ ከዚያ ወዲያ ባሕር አላዩም። እኛ የተወለድነው ከዚህ ሁሉ በኋላ በ1983 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ባሕርን የምናውቀው ከአልጋቸው ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልላ በምትቀመጥ አንዲት አሮጌ የክር መጠቅለያ ብቻ ነበር። በልጅነታችን እያወጣን መዘውሯን ስናዞር አይቈጡንም ነበር፤ ነገር ግን ስለ እርሷ ብዙ አይናገሩም። ምጽዋ ሳሉ ከሥራ በኋላ በዚህችው ዓሣ ያጠምዱ እንደ ነበረ የነገሩን እናታችን ናቸው።

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር በስልክ ስናነጋግራቸው «ጥር ላይ መጥቼ ባየው ደስ ይለኝ ነበር» አሉን። ምኑን እንደሆነ አልተናገሩም፤ እኛም አልጠየቅንም። ዕድሜያቸው ስድሳ ስምንት ዓመት ሆኖ ነበር። በዚያች ሌሊት ለእርሳቸው የሚሆን ዘንግና መጠቅለያ ለመምረጥ ቈረጥን፤ ከዚያ በፊት ለራሳችን ስንገዛ ያላሰብነውን ያህል ያሰብነውም ያን ጊዜ ነው። ለራሳችን ብንሳሳት የሚጠፋው ገንዘብ ነው። ለእርሳቸው ብንሳሳት ግን ሠላሳ ስድስት ዓመት ርቀውት ወደ ቆዩት ባሕር ተመልሰው፣ አልቻልኩም ብለው የሚሄዱ መሆናቸው ነበር።

እዚህ ላይ ስለ መጠቅለያ ዓይነቶች ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ዋነኞቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ከበሮው የሚዞር ነው። ክሩ ሲወረወር ከበሮው አብሮ ይሽከረከራል፤ ማታለያው በአየር ላይ ፍጥነቱን ሲቀንስ ግን ከበሮው ከክሩ ቀድሞ መዞሩን ስለሚቀጥል፣ ወርዋሪው በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ካላገደው ክሩ እንዳልተበጠረ ጠጕር ይተበተባል። ብርቱ ነው፤ ለከባድ ዓሣም ይመረጣል፤ ነገር ግን ጥበቡ ሁሉ በአውራ ጣት ላይ ያለ ነው። የአባታችን አሮጌ መጠቅለያ ከዚህ ዓይነት ነበረች።

ሁለተኛው ዓይነት ከበሮው ሲወረወር የማይዞር ነው። ክሩ ከቆመ እንዝርት ጫፍ ላይ ተንሸራትቶ እንደሚወጣ ያህል ከከበሮው አፍ እየተፈታ ይሄዳል። ይህን አሠራር አልፍሬድ ኢሊንግወርዝ የተባለ እንግሊዛዊ የሱፍ ፋብሪካ ባለቤት እ.ኤ.አ. በ1905 ዓ.ም. የባለቤትነት መብት አስመዝግቦበታል፤ የፈትል ሰው መሆኑ በእውነት ከሥራው ይታያል። በዚህኛው መጠቅለያ ክሩን ለመልቀቅ የሚያገለግለው አመልካች ጣት ነው። ቅስት የሆነውን የክር መያዣ ሽቦ ከፍቶ፣ ክሩን በአመልካች ጣት ጫፍ ይዞ፣ ሲወረውሩ መልቀቅ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ወራት የሚፈጅ ልምምድ ሲጠይቅ፣ ይህኛውን በአንድ ማለዳ መልመድ ይቻላል። ከዚህም ሌላ በአብዛኞቹ ላይ መዘውሩ ተነቅሎ ወደ ፈለጉት ጐን፣ ወደ ቀኝም ሆነ ወደ ግራ ይገጠማል፤ በሚዞረው ከበሮ ግን ለግራ የሚሆነው ለብቻው ተሠርቶ ይሸጣል።

አባታችን አውራ ጣታቸውን ካጡ በኋላ በግራ እጃቸው መጻፍ ተምረዋል፤ ጽሕፈታቸውም ከእኛ ይልቅ ያምራል። ስለዚህ ዘንጉን በግራ ይዘው፣ ክሩን በግራ አመልካች ጣታቸው ለቀው፣ መዘውሩን በቀኝ ቢያዞሩ ይሆናል ብለን አሰብን። የቀረው ችግር አውራ ጣት የሌለው ቀኝ እጅ የመዘውሩን ትንሽ መያዣ እንዴት አድርጎ ይጨብጣል የሚለው ነበር። ከሱቅ ወደ ሱቅ ስንዞር ብዙዎቹ መጠቅለያዎች በሁለት ጣት የሚያዝ ጠፍጣፋ መያዣ ያላቸው ሆነው አገኘናቸው። በመጨረሻ አንዱ ሻጭ ሎሚ የሚያህል ድቡልቡል መያዣ ለብቻው አውጥቶ አሳየን። አውራ ጣታችንን ወደ መዳፋችን አጥፈን በአራቱ ጣቶቻችን ብቻ ብንሞክረው በሚገባ ዞረ። ሻጩ ለምን እንደዚያ እንደምናደርግ ገርሞት ይመለከተን ነበር፤ ምክንያቱን ስንነግረው ግን ዝም ብሎ አሮጌውን መያዣ ፈትቶ ያንን ገጠመልንና ለሥራው ዋጋ አልተቀበለንም።

የመረጥነው መጠቅለያ ሠሪዎቹ 4000 የሚል ቍጥር ከሚሰጡት መጠን ነው፤ ክብደቱም 300 ግራም ያህል ነው። ከዳርቻ ለሚያጠምድ ሰው በዚህ ቍጥር ከ2500 እስከ 4000 ያለው ይበቃል። ጥርሶቹ መዘውሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ክሩን አምስት ጊዜ ያህል የሚጠመጥሙ ናቸው። ከዚህ የፈጠነም አለ፤ ነገር ግን እንደ ብስክሌት ጥርስ ሁሉ ፍጥነት በጨመረ መጠን ኃይል ይቀንሳልና ለአባታችን እጅ የዝግታው ይሻላል አልን።

ስለ ዘንጉ ሁለት ነገር መለየት ያስፈልጋል፤ አንደኛው ብርታቱ ነው፣ ሁለተኛው አተጣጠፉ ነው። ብርታት ማለት ምን ያህል ክብደት ሲስበው እንደሚጐብጥ ነው፤ አተጣጠፍ ማለት ደግሞ የሚጐብጠው ከየትኛው ስፍራ ጀምሮ እንደሆነ ነው። እንደ እርጥብ ልምጭ ከእጀታው ጀምሮ የሚጐብጥ አለ፤ ጫፉ ብቻ ተጐንብሶ ወገቡ ቀጥ ብሎ የሚቀርም አለ። ኮራል ባለበት ውሃ ዓሣው እንደ ተያዘ ወደ ጕድጓዱ ስለሚሮጥ፣ ፈጥኖ የሚያስቆመው ብርቱ ወገብና፣ ቀላሉን ማታለያ የሚወረውር ለስላሳ ጫፍ ያስፈልጋል። ቀድሞ ዘንግ ከቀርከሃ ይሠራ ነበር፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፋይበርግላስ ተተካ፤ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ካርቦን ፋይበር መጣ። ካርቦኑ ቀላልና ስሜት ፈጥኖ የሚያስተላልፍ ነው፤ ነገር ግን ከድንጋይ ጋር ቢጋጭ ፋይበርግላስ የሚችለውን እርሱ አይችልም። እኛ ካርቦን የሆነውን፣ 2 ሜትር ከ10 ርዝመት ያለውን፣ እጀታው ረዘም ብሎ በብብት ሥር ለመደገፍ የሚመቸውን ወሰድን። ይህ ድጋፍ የእጅን ድካም ይቀንሳል።

ክሩ የተጐነጐነ ሆኖ 9 ኪሎ የሚችል ነው። እኩል ኃይል ካለው ናይሎን እጅግ ስለሚቀጥን ሩቅ ይሄዳል፤ ስለማይለጠጥም ዓሣው ሲነካው ወዲያው ይታወቃል። ነገር ግን ኮራል ከነካው እንደ ድር ይበጠሳልና ጫፉ ላይ 1 ሜትር ያህል ወፍራም የናይሎን ክር መቀጠል ግድ ነው። የመጠቅለያው ፍሬን ደግሞ ክሩ ከሚችለው ክብደት ከሩብ እስከ ሲሶ ሲሳብ እንዲለቅ ሆኖ ይጠበቃል፤ እኛ በእጅ ሚዛን ለክተን 2 ኪሎ ተኩል ላይ አደረግነው። ብዙ ሰው ፍሬኑን አጥብቆ ክሩ ሲበጠስ ክሩን ይረግማል። ልብ ማለት የሚገባው ነገር፣ ክሩ ከከበሮው እየወጣ ባነሰ መጠን ፍሬኑ በራሱ እየጠነከረ የሚሄድ መሆኑን ነው።

አባታችን በጥር ወር መጀመሪያ ከአዳማ በባቡር ተሳፍረው ናጋድ ጣቢያ ወረዱ። በማግሥቱ ማለዳ አዲሱን ዘንግ ይዘን ለመውጣት ስንዘጋጅ፣ እርሳቸው ከሻንጣቸው ያችን በጨርቅ የተጠቀለለች አሮጌ መጠቅለያ አወጡ። በላምባ ታጥባ፣ ዘይት ተቀብታ፣ አዲስ ክር ተጠንጥኖባታል። ለስንት ሳምንት ሲያዘጋጁዋት እንደ ቆዩ ከገጿ ይታወቅ ነበር። እኛ ይህን አላሰብንም ነበር። እጃቸውን ለክተን ዕቃ ስንመርጥ፣ በልባቸው ውስጥ የተመረጠ ዕቃ እንዳለ አልጠረጠርንም።

ባሕሩ ዳር ስንደርስ አዲሱን መጠቅለያ ፈትተው የራሳቸውን በዘንጉ ላይ ገጠሙ፤ ዘንጉንም ገልብጠው ቀለበቶቹን ወደ ላይ አደረጉ። ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ጀልባቸው ላይ ሆነው በዝምታ ይመለከታሉ። አባታችን በቀኝ እጃቸው፣ በጥንት ልማዳቸው ወረወሩ። አወራወራቸው በእውነት የሚያምር ነበር። ነገር ግን ከበሮው ሲበር የሚያግደው ጣት በስፍራው አልነበረም፤ ክሩም ወዲያው ተበተበ። ማታለያው እግራቸው ሥር ወደቀ። ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ትብትቡን መፍታት ጀመሩ። ለመርዳት እጃችንን ስንዘረጋ «ተወው» አሉን። ሁለተኛም ወረወሩ፤ እንደዚያው ሆነ። ሦስተኛ አልሞከሩም።

ለጥቂት ጊዜ ባሕሩን ሲመለከቱ ቆዩና፣ «እስቲ ያንተን አምጣው» አሉን።

አዲሱን ስንሰጣቸው ከሁሉ አስቀድመው ያዩት ድቡልቡሉን መያዣ ነው። በአራት ጣታቸው ጨብጠው አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ አዞሩት። ከዚያ ቀና ብለው ተመለከቱን።

«ይህ ከዕቃው ጋር የመጣ ነው ወይስ አንተ ነህ ያስለወጥከው?»

«ያስለወጥነው እኛ ነን፤» አልን።

«ሻጩ ምን አለ?»

«ዋጋ አልቀበልም አለ።»

ምንም አልተናገሩም። በግራ እጃቸው እንዴት እንደሚወረወር አሳየናቸው፤ በአምስተኛው ጊዜ ማታለያው ከጥቁሩ መሥመር ላይ ወደቀ። ፀሐይዋ ትንሽ ከፍ ስትል ዘንጉ በድንገት ጐበጠ፤ ፍሬኑም ጮኸ። እኛ ከደስታ ብዛት «ያጥብቁት! ያጥብቁት!» እያልን ስንጮኽ፣ እርሳቸው ግን የእጀታውን ጫፍ በብብታቸው ሥር ደግፈው፣ ረጋ ብለው «ዝም በል፤ ሮጦ ይድከም» አሉን። ዓሣው ሲሮጥ ለቀቁለት፤ ሲቆም ዘንጉን ቀስ ብለው አነሡና ዝቅ እያደረጉ ጠቀለሉ። ዓሣ አያያዙን ጣታቸው ቢያጣውም አእምሯቸው አልረሳውም ነበር። የወጣው ካራንግ 2 ኪሎ የማይሞላ ነው። ሽማግሌው የአፋር ሰው ከጀልባቸው ወርደው መጡና የአባታችንን እጅ ያዙ፤ ጣታቸውንም አዩ፤ የራሳቸውንም በክር የተሰነጣጠቀ መዳፍ አሳዩ። ሁለቱ የባሕር ሰዎች ዓሣውን እኛ ስንጠርብ ስለ ምጽዋ ሲጨዋወቱ አረፈዱ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባታችን ከመብላታቸው በፊት መጠቅለያውን ጠየቁ። ፍሬኑን አጠበቁና በንጹሕ ውሃ በዝግታ አጠቡት፤ ውሃ በኃይል ቢለቁበት ጨውን ወደ ውስጥ እንደሚያስገባው ነገሩን። በጨርቅ አድርቀው፣ በጥላ አስቀምጠው፣ ፍሬኑን መልሰው አላሉት። ከዚያም አሮጌዋን መጠቅለያ እንደዚያው አጠቡና ደረቀች እንደሆነ አይተው በጨርቋ ጠቀለሏት። «ይህችኛዋ የዚያኛው እጄ ናት፤ ይህኛው ደግሞ የአሁኑ እጄ ነው» አሉ። ዐሥር ቀን ከእኛ ጋር ሲቆዩ ሌላ ስለዚህ ነገር አልተነጋገርንም፤ በየማለዳው ግን ከእኛ ቀድመው ተነሥተው ዘንጉን ይዘው በር ላይ ቆመው እናገኛቸው ነበር።

እንግዲህ ዘንግና መጠቅለያ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ቢኖር ምክራችን ይህ ነው። ውሃውን ሳያይ፣ በዚያም ውሃ የሚኖረውን ሰው ሳይጠይቅ አይግዛ። ትልቁ ሁሉ ብርቱ፣ ውዱም ሁሉ ደኅና እንዳይመስለው። ጨው የሚያሸንፈው ያልታጠበን ዕቃ ነውና ከገዛ በኋላ ከባሕር በተመለሰ ቍጥር በንጹሕ ውሃ ይጠብ። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» እንዲሉ፣ ብዙ ዕቃ የሚጠፋው ከአሠራሩ ጕድለት ይልቅ በአያያዝ ነው። ከሁሉም በላይ ለሌላ ሰው የሚገዛ ከሆነ ያ ሰው የሚጨብጥበትን እጅ በደንብ ይመልከት፤ መልካም መሣሪያ ለእጅ ይሠራል እንጂ እጅ ለመሣሪያ አይሠራምና። እኛ ይህን ለማወቅ ሦስት ዘንግ ገዛን። ሦስተኛው ዛሬ አዳማ፣ ከአባታችን አልጋ ሥር፣ ከአሮጌዋ መጠቅለያ አጠገብ ይገኛል፤ የሚቀጥለውንም ጥር ይጠብቃል።